ጌቱ የቆለፈው ሣጥን

የጌቱ እጅ ገንዘብ አይቋጥርም። ይህን የሚለው ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ጌቱ ነው፣ ያውም እየሳቀ። ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት የገዛውን ነገር የሰማ ሰው ራሱን ይይዛል። ለማብረር ፈቃድ የማያገኝበት ድሮን ገዝቷል። ወገብ ይደግፋል የተባለ ወንበር ከአዲስ አበባ አስጭኖ አምጥቷል፤ ወንበሩ በበሩ አልገባ ስላለ በረንዳ ላይ ቀርቶ የጎረቤት ዶሮዎች ያድሩበታል። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ደምበጫ ገበያ ለሽንኩርት ሄዶ የፈረስ ግማሽ ገዝቶ ተመለሰ። ሌላውን ግማሽ የገዛው ሰውዬ ፈረሱን ይዞ ጉንደ ወይን ዘመድ ልጠይቅ ብሎ እንደሄደ ነው።

የሚገርመው ግን የጌቱ የእንጀራ ገመድ የሰው ገንዘብ እንዳይባክን መጠበቅ መሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተከራየው ቤት ሳይወጣ፣ ውጭ አገር ላለ አንድ ትንሽ ኩባንያ የክሪፕቶ ዋሌት መልክ ይነድፋል። ዋሌት ማለት በዲጂታል ገንዘብ የሚከፈላቸው ሰዎች ገንዘባቸውን በስልካቸው የሚይዙበት ሣጥን ነው በሉት። የነጌቱ ሣጥን ሁለት ጠባይ አለው። ሦስት ሰዎች በየስልካቸው ካልፈረሙ አይቆለፍም፣ አይከፈትምም። ደግሞ እስከዚህ ቀን ድረስ እንዳትከፈት ከተባለ፣ ያ ቀን ሳይደርስ ሦስቱም ቢፈርሙ፣ ቢለምኑ፣ ቢያለቅሱ ንቅንቅ አይልም። ኮዱን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው። የጌቱ ሥራ ይህን ሁሉ ጣጣ ለማንም ሰው ቀላል ማድረግ ነው። "ቀላል" የሚለውን ቃል በቀን አርባ ጊዜ ይናገረዋል።

ሚስቱ የኔአለም ግን ቃል አታበዛም። ፋርማሲስት ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ በሰው መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ትውላለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተወለደችበት በደምበጫ የራሷን መድኃኒት ቤት መክፈት። ቤቱም ተገኝቶ ነበር። ወይዘሮ ሳሊሃ የሚባሉ ነጋዴ ከአስፋልቱ ዳር መደርደሪያዋ ሳይቀር የተሟላች ሱቅ አላቸው። "ላንቺ ስል እስከ ጥር መጨረሻ ለማንም አልሰጣትም፤ የዓመት ኪራይ ይዘሽ ነይ። ከዚያ ካለፈ ግን እኔም ልጆች አሉኝ" አሏት። የኔአለም ይህን ለጌቱ የነገረችው ሰኔ 2017 ላይ ነው። ከሰኔ እስከ ጥር የጌቱ ደመወዝ ሳይነካ ቢጠራቀም ለኪራዩም፣ ለመጀመሪያው መድኃኒትም ይበቃል። ችግሩ "ሳይነካ" የምትለዋ ናት።

"እንግዲያው እንቆልፍበት" አለ ጌቱ። "በራሴ ሣጥን። ደመወዜ በቀጥታ እዚያ ይግባ፤ እስከ ጥር በአንቺ ደመወዝ እንኑር። እኔን ከእኔ የሚያድነኝ እሱ ብቻ ነው።"

የኔአለም ለረጅም ጊዜ አየችውና "እሺ" አለች። ጌቱ ይህን እሺታ ለሥራው የተሰጠ ሽልማት አድርጎ ወሰደው።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን ሽልማት በሽልማት ሆኖ ነበር። ሣጥኑ ለሰው ቀላል መሆኑን በሙከራ እንዲያረጋግጥ ኩባንያው አዝዞት ዐሥራ ሁለት ሰዎች አሰባስቧል፤ ባጃጅ ነጂ፣ እህል ነጋዴ፣ ሁለት መምህራን፣ ከደብረ ወርቅ ለሕክምና የመጡ አንድ መሪጌታ ሳይቀሩ። እያንዳንዳቸውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ስልኩን በእጃቸው ሰጥቶ፣ ትከሻቸው ላይ ዘንበል ብሎ "ቀላል ነው አይደል?" ይላቸዋል። ዐሥራ ሁለቱም "በጣም ቀላል ነው" አሉት። እንዴት ሌላ ይበሉ? ልጁ ለስላሳ ጋብዟቸዋል፣ ላብ በላብ ሆኖ ያስረዳል፣ ዓይኑ ይቁለጨለጫል። እንዲህ ያለውን ልጅ ፊት ለፊት "አልገባኝም" ብሎ ማሳዘን ጎጃም ውስጥ ነውር ነው። መሪጌታ እንዲያውም ስልኩ ጠፍቶባቸው ጥቁር መስታወት ይዘው ነበር "ግሩም ነው ልጄ" ያሉት። ጌቱ ሪፖርቱን ጻፈ፤ ከመቶ መቶ። ውጭ ያሉት ባልደረቦቹ በቪዲዮ አጨበጨቡለት፤ ከመቶ መቶ አይተው አያውቁም ነበር።

ይበልጥ የሚኮራው ግን በቀን መቁጠሪያው ነው። ባልደረቦቹ ቀኑ በነሱ አቆጣጠር ብቻ ይሁን ሲሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሟግቷቸዋል። "የኛ ሰው የሚያውቀው ጥርን ነው፤ በጃንዩወሪ አታደናግሩት" ብሎ ድርቅ አለ። እነሱም ደከማቸውና እጅ ሰጡ። በአማርኛው ገጽ ላይ ቀን የሚጻፍበት ቦታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ እንዲቀበል ተደረገ። ሌላም አሻሻለ። እስኪከፈት ስንት ቀን እንደቀረ የሚናገረውን ቁጥር "ሰውን ያስጨንቃል" ብሎ አወጣውና በምትኩ አንዲት የገብስ ቡቃያ አስቀመጠ። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ገብሷ ታድጋለች፣ ታዘረዝራለች፣ ትሸታለች፤ ስትጎመራ ሣጥኑ ይከፈታል። ይህን ሐሳብ ያገኘ ቀን ጌቱ ደስታውን የሚያካፍለው ሰው አጥቶ ለባጃጅ ነጂ ነግሯል።

ሐምሌ ላይ አንድ እሑድ ሣጥኑን ሊቆልፉ ተቀመጡ። ሦስተኛው ፈራሚ የየኔአለም አጎት ጋሼ ባዘዘው ናቸው። ጡረተኛ ናቸው፤ ጌቱ እንዲገባቸው ብሎ ሃያ ስምንት ስላይድ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ሁለተኛው ስላይድ ላይ እጃቸውን አነሡ።

"ገባኝ" አሉ። "የሙዳየ ምጽዋት ነገር ነው። አንዱ ቁልፍ በአስተዳዳሪው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በእኔ እጅ ነበር፤ ሃያ ዓመት ይዤዋለሁ። ሦስታችን ካልቆምን አይከፈትም።"

"ልክ ነው ጋሼ፣ እንደዚያ ነው" አለ ጌቱ፣ የቀሩት ሃያ ስድስት ስላይዶች እያሳዘኑት።

"አንዳንዴ ቁልፍ ይጠፋል። ያን ጊዜ ቀጥቃጭ ጠርተን በምእመናን ፊት እናሰብረው ነበር። የናንተውን ማን ይሰብረዋል?"

ጌቱ ይህን ጥያቄ ነበር የሚጠብቀው። ደረቱን ነፋ አድርጎ "በዚህኛው ቀጥቃጭ የለም ጋሼ" አለ። "እኔ የነደፍኩት ራሴ ብፈልግ እንኳ አልሰብረውም።"

"እንግዲህ አውቃችሁ ግቡበት" አሉ ጋሼ ባዘዘው።

"የሚከፈተው መቼ ይሁን?" አለ ጌቱ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

"ጥር ዐሥራ ስምንት" አለች።

እዚህ ላይ ነው የሆነው የሆነው። ጌቱ አራት ዓመት ከውጭ ሰዎች ጋር ሲሠራ ስብሰባውም፣ ደመወዙም፣ ቀጠሮውም በነሱ ቀን ነበር። ጥር ዐሥራ ስምንት ሲባል ጭንቅላቱ ሳይጠየቅ በፈረንጅ መነዘረው፤ ጃንዩወሪ 26፣ 2026። ጣቱም ያንኑ መታ፤ 26፣ 1፣ 2026። ሦስት ሳምንት ተሟግቶ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ብቻ እንዲቀበል ባደረገው ቦታ ላይ። ሣጥኑም እንደታዘዘው አንደኛውን ወር መስከረም፣ ዓመቱንም የኛው 2026 አድርጎ ተቀበለ። ከቀን መጻፊያው በታች "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" የሚል ጽሑፍ አለ፤ የገጹን ውበት እንዳያበላሽ ብሎ ያሳነሰውና ያደበዘዘው ራሱ ጌቱ ነው።

ወዲያው በሦስቱም ስልክ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጣ፦ "ይህ ሣጥን እስከ መስከረም 26 ቀን 2026 ዓ.ም. አይከፈትም።"

ጌቱ አላነበበውም። ዓረፍተ ነገሩን ዐሥራ አንድ ጊዜ አርሞ የጻፈው እሱ ነው፤ ሰው የራሱን ጽሑፍ ምን ብሎ ያነባል? ጫን አደረገና ጨረሰ። ጋሼ ባዘዘው መነጽራቸውን አወጡ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ጫኑት። ከዚያ ተነሥተው ቆሙና ምርቃት ጀመሩ። "የዛሬ ልጆች ነገን የማያስቡ መስሎኝ ነበር። ትዕግሥታችሁን ይባርክላችሁ። ያድርሳችሁ፤ እኔንም በዕድሜ ያቆየኝ" አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ እየተንቀጠቀጠ። ጌቱ ለስድስት ወር ቁጠባ ምርቃቱ በዛ ብሎ አላሰበም። ዲዛይኑ ልባቸውን ነካው ብሎ ነው ያሰበው።

የኔአለም ስልኳን አየች። የታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች፤ ጌቱን አየችው፣ መልሳ ስልኩን አየች።

ጌቱ አጠገቧ ሄዶ ቆመ። "ቀላል ነው አይደል?"

"ቀላል ነው" አለችና ጫነች።

ሽሮና ጎመን የሚበላበት ዘመን ገባ። ጌቱ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ሥጋ ቤት በር ላይ ሲያልፍ ኪሱን ዳብሶ ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ እንደ ባሕታዊ ይሰማዋል። ማታ ማታ ለየኔአለም "አምስት ወር ቀረን"፣ "አራት ወር ከዐሥር ቀን ቀረን" ይላታል። መድኃኒት ቤቷ በምን ቀለም እንደሚቀባ ሣለላት፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ኋላ ሰማያዊ። እሷ ትሰማለች፤ "እህ" ትላለች፤ ሳህኑን ታነሣለች።

የምታናድደው ገብሷ ብቻ ነበረች። መስከረም ላይ ሁለት ቅጠል ነበራት። ኅዳር ላይም ሁለት ቅጠል። ታኅሣሥ ላይ የአገሩ ገብስ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ሲገባ የጌቱ ገብስ እዚያው ሁለት ቅጠሏን ዘርግታ ትታያለች። ጌቱ ለኮድ ጸሐፊዎቹ ቁጣ ያዘለ መልእክት ላከ፤ ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፣ የተጠቃሚን ስሜት ትጎዳላችሁ አላቸው። መርምረው "ሥዕሉ ትክክል ነው" ብለው መለሱለት። እንደገና ጻፈ። እንደገና "ትክክል ነው" አሉት። ሥራቸውን የማያውቁ ሰዎች ናቸው ብሎ ተዋቸው።

ጥር ዐሥራ ስምንት ደረሰ። የኔአለም ሥራ አለኝ ብላ ወጣች፤ "ከዚያው እፈርማለሁ" አለች። ጌቱ ገላውን ታጠበ፣ አዲስ ሸሚዝ ለበሰ። ለአንድ ቁልፍ መጫን አዲስ ሸሚዝ መልበሱ ለራሱም አሳቀው። ጋሼ ባዘዘው ረፋዱ ላይ መጡ። ጌቱ "ክፈት" የሚለውን ነካ።

"ጊዜው አልደረሰም" አለ ሣጥኑ።

እንደገና ነካው። እንደገና አልደረሰም። ስልኩን አጥፍቶ አበራው፤ ከቤት ወጥቶ ኔትወርክ ይሻላል ብሎ ከዶሮዎቹ ወንበር አጠገብ ቆመ። ከዚያ ለባልደረቦቹ "ሣጥናችሁ ተበላሽቷል" ብሎ ጻፈ። ከአፍታ በኋላ አንዱ "ቆልፍ ያልከው እስከ መቼ ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ጌቱ ሊያሳፍረው ፈልጎ የራሱን ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ አነበበው።

ወንበሩ ላይ ዘጭ ሲል አንዲት ዶሮ ጮኻ በረረች።

"ምነው ልጄ?" አሉ ጋሼ ባዘዘው ከበሩ ላይ።

"ጋሼ... እዚህ ላይ መስከረም 2026 ይላል።"

"አዎ። ያኔ ሐምሌ ላይ ስምንት ዓመት ከሁለት ወር ይቀረው ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። ዛሬ የጠራኸኝ ገብሱን ልታሳየኝ መስሎኝ።" ጠጋ ብለው ስልኩን አዩት። "በዚያ ላይ እኮ ነው የመረቅኳችሁ።"

የቀረው የቀኑ ክፍል ልመና ነበር። ጌቱ ለኩባንያው ጻፈ፣ ደወለ፣ ለአለቃው አለቃ ጻፈ። ማታ አካባቢ መልስ መጣ። በጣም አዝነናል፤ ማንም ሊከፍተው አይችልም፤ እንደዚያ አድርገን ነው የሠራነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ አለ መልእክቱ፣ ነዳፊው እንኳ ሊከፍተው አለመቻሉ ለምርታችን ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ፈቃድህ ከሆነ በማስታወቂያችን ላይ ስምህን ብንጠቅስ? ጌቱ ስልኩን ትራስ ሥር ከተተው።

የኔአለም ስትመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ንግግር አዘጋጅቷል፤ መጀመሪያ ጥፋቱን ያምናል፣ ቀጥሎ ከወይዘሮ ሳሊሃ አንድ ወር ይለምናል፣ ከዚያ ብድር ያፈላልጋል።

"የኔአለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

"መስከረም ሃያ ስድስት" አለች፣ ነጠላዋን እያጣጠፈች።

"ጋሼ ደወሉልሽ?"

"አልደወሉም። ሐምሌ ላይ አይቼዋለሁ።"

ጌቱ ስልኩን ከትራሱ ሥር አወጣ። "ሱቋስ? ለወይዘሮ ሳሊሃ ዛሬውኑ ልደውልላቸው፤ አንድ ወር ቢታገሡን..."

"ሱቋን ነሐሴ ላይ መልሼላቸዋለሁ። የማላመጣውን ላመጣ ነው እያልኩ ለምን አስጠብቃቸዋለሁ? አሁን ሞባይል ይሸጥባታል።" ነጠላውን መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። "መደርደሪያዋን አንሥተዋታል አሉ።"

ነሐሴ። ጌቱ ከነሐሴ ወዲህ ያሉትን ማታዎች አሰባቸው። አራት ወር ከዐሥር ቀን ሲላት፣ ሰማያዊውን ቀለም ሲመርጥላት፣ ሱቋ ሌላ ሰው እጅ ነበረች፤ የኔአለም ይህን እያወቀች "እህ" ትለው ነበር። ከዚህ በፊት ባጠፋ ቁጥር ራሱ ላይ ቀድሞ ይስቅና ሰውም አብሮት ይስቅለት ነበር። አሁን የሚስቅበት ነገር ፈልጎ አጣ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሌላ ጊዜ ስነግርህ 'አታስቢ፣ እኔ አውቀዋለሁ' ነው የምትለኝ። መጀመሪያ እውነትም የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ነው። ሣጥኑ ከተቆለፈ በኋላ ደግሞ ብነግርህ ምን ይሆናል? አይሰበርም ብለሃል። አንድ ቀን ራስህ ታነበዋለህ ብዬ ጠበቅሁ።" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ስድስት ወር ጠበቅሁ፣ ጌቱ። አላነበብከውም።"

"እንቢ ማለት ትችይ ነበር እኮ" አለ። መናገር እንዳልነበረበት እየተናገረ ገባው፤ ግን ከአፉ ወጥቷል። "ሦስት ሰው የሆነው ለዚያ ነው። አንዱ እንቢ ካለ አይቆለፍም።"

የኔአለም ስልኳን አወጣች፤ አዲስ ሣጥን ከሚቆለፍበት ገጽ ላይ ከፈተችና ሰጠችው። "እስኪ እንቢ የሚባልበትን አሳየኝ።"

ጌቱ አየ። ከታች ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፤ "እስማማለሁ" ይላል። ገጹን ወደ ላይ ገፋው። ወደ ታች ሳበው። ከዚያ ትዝ አለው። በሦስተኛው ዕትም ላይ ከአረንጓዴው ጎን "አልስማማም" የሚል ሌላ ቁልፍ ነበር። ሰዎች ሁለቱን ሲያዩ ያመነታሉ፣ ለመጫን ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል ብሎ ያወጣው ራሱ ነው። ሲወጣ ሁለት ሰከንድ ሆነ። ያን ቀንም ተጨብጭቦለታል።

"የለም" አለ።

"እኔም ፈልጌው ነበር" አለች። "ዝም ብዬ ብቀመጥም አጎቴ ፈርመዋል፤ አንተ አጠገቤ ቆመህ ዓይን ዓይኔን ታየኛለህ።"

ጌቱ አፈረ። ለቀልድ የማይመች እፍረት ነበር፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። "ይቅር በይኝ" አለ። "ይቅር ብለሽኛል አይደል?" ሊላት ነበር፤ ምላሱ ላይ ደርሶ ዋጠው።

የኔአለም ስልኳን ተቀበለችው። "ከዚህ ወር ጀምሮ ደመወዝህ በእኔ እጅ ይገባል።"

"እሺ።"

"ሌላ ሱቅ እስካገኝ ድረስ።"

"እሺ። ሌላስ?"

መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ነበር። የኔአለም ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ የእውነቱን መሆኑን ለማወቅ ይመስል፣ ለትንሽ ጊዜ አየችው። ከዚያ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ብዙ ነው" አለች።

ጌቱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዳመጣት። እስክትጨርስ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም።